‹‹አክቲቪስት ልሁን?›› ለምትሉኝ



በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ‹‹ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?›› ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰማው መልስ ተቀይሯል። እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ንፋስ መውጫ ላይ የምንጠራቸው ሥራዎች የታወቁ ነበሩ፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ሹፌር፣ ግፋ ቢል ኢንጂነር። ዛሬ ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዷ ድምፅ ዝቅ አድርገው ‹‹አክቲቪስት›› ይላሉ። ጓደኞቻቸው ይስቃሉ። ታላላቆች ደግሞ ‹‹ልጄ፣ ፖለቲካ ውስጥ እንዳትገባ›› ብለው ነገሩን እዚያው ይዘጉታል። ለእኔ ሳቁም መዝጋቱም መልስ አይመስለኝም። ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፤ ስለዚህ የማውቀውን ያህል ከልቤ ልመልስላችሁ።

ለመሆኑ ይህ ሥራ ምንድን ነው? ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሁሉ አክቲቪስት ይባላል። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ሰዎችን በስልካቸው በኩል አሰባስቦ አንድ በደል እንዲሰማ ወይም አንድ ውሳኔ እንዲቀየር ስለሚያስተባብር ሰው። በእኛ አገር የዚህ ሰው ታላቅ ወንድም ደቦ የሚጠራው ገበሬ ነው። ጋይንት ውስጥ የገብስ አጨዳ ሲደርስ አይታችሁ ይሆናል። ደቦ የሚጠራው ሰው ቀን ይቆርጣል፤ ስንት ማጭድ እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ምግቡን ያሰናዳል፤ እሱም ከሰው ጋር ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። በሌላ ቀን ደግሞ የጎረቤቱ ማሳ ላይ ይገኛል። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ‹‹እጨዱ!›› ብሎ የሚጮህ ሰው ደቦ ጠራ አይባልም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ልዩነቱን እኔ ያየሁት በክፉ ቀን ነው። በነሐሴ 2013 የሕወሓት ተዋጊዎች ንፋስ መውጫ ሲገቡ እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ፤ እናቴ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበረች። ስልኳ አልጠራ አለኝ። በቀን ሃምሳ ጊዜ እሞክራለሁ፤ መልስ የለም። ታዲያ በእነዚያ ቀናት ዓይኔን ከፌስቡክ ላይ መንቀል አልቻልኩም። አንድ ምሽት ላይ ‹‹ንፋስ መውጫ እየነደደች ነው›› የሚል ጽሑፍ ከፎቶ ጋር መጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቀባብለውታል። ፎቶው ላይ የሚነድ ገበያ አለ፤ ከጀርባው ደግሞ የዘንባባ ዛፎች ተደርድረዋል። ንፋስ መውጫ ከጉና ማዶ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የድንችና የገብስ አገር ናት። ዘንባባ መንገድ ዳር አይበቅልባትም። ፎቶው የየት አገር እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ግን እናቱን የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ልጆች ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። አንዱ ደብረ ታቦር ነው ያለው፤ አንዷ አዲስ አበባ። ልጁ በእግራቸው ከጋይንት የሚመጡ ሰዎችን መንገድ ላይ እየጠበቀ፣ ውኃ እያቀረበ፣ ማን ከየት ሰፈር እንደመጣ፣ ማንን በሕይወት እንዳየ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያለቀበት ማን እንደሆነ በደብተር ይመዘግባል። ማታ ማታ ለልጅቷ ያነብላታል። እሷ ዘመድ ለሚጠይቅ ሁሉ አንድ በአንድ ትደውላለች። ስም የያዘ ዝርዝር በአደባባይ አንድም ቀን አልለጠፉም። ገጻቸው ላይ የወጣው አጭር ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ዘመድ የጠፋባችሁ በዚህ ስልክ ደውሉ የሚል። ላይክ ያደረገው ሰው ከአርባ አይበልጥም። እኔ እናቴ በሕይወት እንዳለች የሰማሁት ከዚያች ልጅ ነው። ስለዚህ ‹‹አክቲቪዝም ከንቱ ነው›› የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም።

አሁን ደግሞ በአገራችን ይህን መንገድ ቀድመው ስለሄዱ ሰዎች ላጫውታችሁ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ሕፃናት ስለነበራችሁ ታሪኩን በደንብ አታውቁት ይሆናል።

በግንቦት 2004 አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ‹‹ዞን ዘጠኝ›› የሚል ጦማር ጀመሩ። ስሙ የመጣው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ወጣቶቹ የታሰሩ ጋዜጠኞችን ሊጠይቁ ይሄዱ ነበር። ማረሚያ ቤቱ በስምንት ዞኖች የተከፈለ መሆኑን ሰሙ፤ ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችን የምንኖርበትን አገር ዘጠነኛው ዞን አሉት። መፈክራቸው ‹‹ስለሚያገባን እንጦምራለን›› የሚል ነበር። ጦማሩ ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ታገደ። እነሱ ግን ዘመቻ ማስተባበር ቀጠሉ። አንድ ርዕስ ይመርጣሉ፤ ለተወሰኑ ቀናት ብዙ ሰው ስለዚያ ርዕስ ብቻ እንዲጽፍና እንዲወያይ ያደርጋሉ። ከርዕሶቻቸው አንዱ ሕገ መንግሥቱ ይከበር የሚል ነበር። ሌላው ሐሳብን በነፃነት ስለመግለጽ፣ ሌላው ደግሞ ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ ነበር። አስተውሉ፤ የጠየቁት በወረቀት ላይ የተጻፈው ሕግ በሥራ እንዲውል ነው።

ስለ ኑሯቸው ልብ እንድትሉ የምፈልገው ነገር አለ። ዘላለም ክብረት አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምር ነበር። አቤል ዋበላ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢንጂነር ነበር። ናትናኤል ፈለቀ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ማሕሌት ፋንታሁን በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ትሠራ ነበር። እንጀራቸው ከሌላ ሥራ ይመጣ ስለነበር ለመጻፍ የማንንም ኪስ አይጠብቁም ነበር።

ለወራት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ በሚያዝያ 2006 እንደገና መጻፍ እንደሚጀምሩ አስታወቁ። ቀናት አልፈጀም። ሚያዝያ 17 እና 18 ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው ማዕከላዊ ገቡ። ጦማሪዎቹ በፍቃዱ ኃይሉ፣ አጥናፍ ብርሃኔና ከላይ የጠቀስኳቸው አራቱ ናቸው፤ ጋዜጠኞቹ ተስፋለም ወልደየስ፣ አስማማው ኃይለጊዮርጊስና ኤዶም ካሳዬ። በወቅቱ ውጭ አገር የነበረችው ሶልያና ሽመልስ በሌለችበት ተከሰሰች። ክሱ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ነበር። ከማስረጃዎቹ መካከል ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት የወሰዱት ሥልጠና ይገኝበታል፤ ይኸውም የራስን መልእክትና ኮምፒውተር ከሰላይ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል የሚያስተምር ነው። ችሎቱ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተቀጠረ። በሐምሌ 2007 መጀመሪያ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክስ ነፃ አላቸው። በፍቃዱ ላይ ግን ሌላ ክስ ስለቀረ የወጣው በዋስ ነው። እሱ በኅዳር 2009 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት እንደገና ታስሯል።

እናንተ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ እዚህ ላይ ነው፤ ‹‹ታዲያ ምን አተረፉ?›› ትሉኛላችሁ። ከእስር በኋላ የሠሩትን ተመልከቱ። በፍቃዱና አጥናፍ የመብቶችና ዴሞክራሲ ዕድገት ማዕከልን፣ በአጭሩ ካርድን፣ ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ናቸው። አቤል የሐሰት መረጃ እያጣራ የሚያጋልጠውን ሐቅቼክን አቋቋመ። ተስፋለም ‹‹ኢትዮጵያ ኢንሳይደር›› የተባለውን መገናኛ ብዙኃን ጀመረ። በሌለችበት በሽብር የተከሰሰችው ሶልያና ወደ አገሯ ተመልሳ የምርጫ ቦርድ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ሆነች። ነገሩ ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም፤ ካርድም በኅዳር 2017 በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ታግዶ ነበር። ግን አያችሁ? በጽሑፍ የጀመሩት ሰዎች ወደ ተቋም አደጉ። የዘመቻ ድምፅ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። መረጃ የሚያጣራ ቢሮ፣ ዜና የሚዘግብ ድርጅት፣ ምርጫ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ግን በማግስቱም በሩን ይከፍታል።

ከአገራችን ውጭ ያለው ምሳሌም ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግብፅ፣ እስክንድርያ ውስጥ ኻሊድ ሰዒድ የተባለ ወጣት በፖሊሶች ተደብድቦ ሞተ። የጉግል ሠራተኛ የነበረው ዋኤል ጎኒም ስሙን ሳይገልጽ ‹‹ሁላችንም ኻሊድ ሰዒድ ነን›› የሚል የፌስቡክ ገጽ ከፈተ። ገጹ ሰዎችን ለጃንዋሪ 25፣ 2011 ሰልፍ ጠራ። ጎኒም ታስሮ ተፈታ፤ በፌብሩዋሪ 11 ፕሬዚዳንት ሙባረክ ሥልጣን ለቀቁ። አሥራ ስምንት ቀን ብቻ! ከዚያ በኋላ ግን ሙባረክን በመቃወም አንድ የነበሩት ሰዎች ቀጥሎ በሚሆነው አልተስማሙም። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ አገሪቱ በወታደር እጅ ተመለሰች። ጎኒም ራሱ በኋላ በአደባባይ ሲናገር፣ ያሰባሰባቸው መሣሪያ መልሶ እንደከፋፈላቸው መስክሯል። ሰዎችን ለተቃውሞ መጥራት ቀላሉ ክፍል ነበር። አብሮ ቁጭ ብሎ መስማማት ከባዱ ነው፤ ይህን ደግሞ ስልክ አያስተምርም። በኅብረታችሁ ውስጥ የመዝሙር ልምምድ ሰዓት ላይ መስማማት ያቃታችሁ ቀን ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልሂድ። የእኛ ከተማ ከተጎዳች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በእኛው ክልል፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ ሰው ተገደለ። ፕሮፌሰር መዓርግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ ናቸው። በመስከረም 2014 መጨረሻ ፎቷቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጡ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በታኅሣሥ 2015 አብርሃምና የሰብዓዊ መብት ባለሙያው ፍስሃ ተክሌ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሱ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

እኔ የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ። ‹‹የኛን ሐዘን ስታወራ ስለ እነሱ ምን አነሣህ?›› የሚለኝ ሰው አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ገጥሞኛል። ያነሣሁት ስለሚገባ ነው። እናቴ ስትጠፋብኝ ሌሊቱን ያደርኩበትን ሁኔታ አብርሃም ስለ አባቱ አድሮበታል፤ እኔ እናቴን አገኘሁ፣ እሱ አላገኘም። ለራሱ ወገን ብቻ የሚያለቅስ አስተባባሪ ቀስ በቀስ የሌላው ወገን ገዳይ ጠበቃ ይሆናል። ስለ ሐሰት ምስክርነት በሰንበት ትምህርት የተማርነው ትእዛዝ ባልንጀራው የየትኛው ብሔር እንደሆነ አይጠይቅም።

‹‹ከአፍ ከወጣ አፋፍ›› ይላሉ አባቶቻችን። ጣታችሁ የላከውም እንዲሁ ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እስከ ሦስት ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊደርስ ይችላል። ተከታይ ሲበዛ ክብር ብቻ ሳይሆን ተጠያቂነትም እንደሚበዛ ዕወቁ።

ከጦርነቱ በኋላ ንፋስ መውጫ ስመለስ አንዲት እህት አነጋገርኩ። ማን እንደሆነች አልነግራችሁም። የደረሰባትን በጥቂት ቃል ነገረችኝ። ከዚያ ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፦ ‹‹ስሜን እንዳትጽፈው። ነገሬን ግን እንዳትቀብረው።›› ስለዚህ ሥራ ብዙ መጽሐፍና ሥልጠና ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ አልተማርኩም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ሪፖርት በንፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 በነበሩት ቀናት ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች አነጋግሯል። ዓለም ነገራቸውን ሰማ፤ ማንነታቸው ግን ተሸፈነ። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። በአንጻሩ የተጎዳን ሰው ፊት፣ የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ፣ የሰፈሩን ስም ጨምሮ ለመቀባበያ የሚያወጣ ሰው አለ። የሚያወጣው ለተጎዳው ብሎ ይመስለዋል። ተጎጂዋ ግን ገበያ ስትወጣ ሰው እየጠቆመባት ትኖራለች። እሱ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ርዕስ ይዟል።

እንግዲህ ‹‹አክቲቪስት ልሁን?›› ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። ልትሆኑ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን እንጀራችሁን የሚያበስል ሌላ ሥራ ይኑራችሁ። በተከታይ ብዛት የሚበላ ሰው ነገሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ይራባል፤ የተራበ ሰው ደግሞ ጸጥታን ይጠላል። ቀጥሎ፣ ከመላካችሁ በፊት ‹‹ይህን ማን አየ? መቼ? የት?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ዛፍ እንኳ ተመልከቱ። ስለ አንድ ሰው ከመናገራችሁ በፊት ደግሞ ያን ሰው አስፈቅዱ። ሰው ስትጠሩም ምን እንዲያደርግ እንደምትጠሩት ይታወቅ፤ ‹‹ተነሡ!›› ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ የጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዲሟላ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ጥያቄው የሚቀርብለት ቢሮ የትኛው እንደሆነ፣ ደብዳቤው መቼ እንደሚገባ፣ መልሱን ማን ሄዶ እንደሚጠይቅ ቀድማችሁ ወስኑ። የተሳሳተ ነገር የወጣ እንደሆነ ደግሞ ስሕተቱ በታየበት ቦታና በዚያው ድምፅ ይታረም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ የታወቁ ገጾች በአንድ ቀን ዝም አሉ። አንዳንዶቹ አስተባባሪዎች እጃቸው ላይ ምንም አልቀረም፤ የነበራቸው ቁጥር ብቻ ነበርና። አስቀድመው ሰው የያዙት ግን የእድር ሰብሳቢውን፣ የመምህራኑን፣ የነርሷን፣ የአውቶቡስ ረዳቱን ቤት ያውቃሉ። መልእክት በወረቀት ላኩ፤ በእግርም ሄዱ። መሣሪያው የሰው ነው፤ በፈለገ ሰዓት ያጠፋዋል። ዝምድናችሁን ግን ማንም ከመሥመር ሊያወጣው አይችልም።

ዋጋውንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ይህ ሥራ ያሳስራል። ወላጅ ያስለቅሳል። ጓደኛ ይቀንሳል። የራስ ወገን ‹‹ከሃዲ›› ይላል፣ ሌላው ወገን ደግሞ አያምንም። ሌሊት ሌሊት የሰው ቁስል የሚያይ ዓይን እንቅልፍ ያጣል፤ ስለዚህ ብቻችሁን አትግቡበት። ደፍሮ ‹‹ይህን አትለጥፈው›› የሚላችሁ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ወላጆቻችሁም ምን እንደምትሠሩ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእናንተ ይስሙ። እኛ ታላላቆች ደግሞ ‹‹ፖለቲካ ነው›› ብለን በሩን ከመዝጋት፣ አብረናችሁ ቁጭ ብለን የጻፋችሁትን ከመላኩ በፊት ብናነብ ይሻላል። የወጣቶች ኅብረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

እስኪ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ስልካችሁን አስቀምጡና በሰፈራችሁ የሚያውቃችሁን፣ ነገሩን ማንም ያልሰማለትን አንድ ሰው ሄዳችሁ ጠይቁ። ጡረታው የተቋረጠባቸው አዛውንት ይሆኑ ይሆናል፤ ከተፈናቀለች ወዲህ መታወቂያ ያላገኘች እናት ትሆን ይሆናል። ጥዋት ሄዳችሁ እስከ ማታ አድምጡ። ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉና ምን እንዳይነገር እንደሚፈልጉ ለይታችሁ ጻፉ። ከዚያ አብራችሁ ወደሚመለከተው ቢሮ ሂዱ፤ ወረፋውንም አብራችሁ ጠብቁ። ቢሮው ‹‹ነገ ኑ›› ካላችሁ ነገም ሂዱ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጋችሁ ካልሰለቻችሁ፣ ስለ ገጽና ስለ ዘመቻ የዚያን ጊዜ እንነጋገራለን።